ሰው የማያውቀው ለንደንና የእኔ ጥቁር ጫማ

ጸጥታ ፍለጋ ውቅያኖስ የሚሻገረው ሬይኖልድስበርግ ኖሮ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እኔ ያለሁበት መንገድ ላይ ከሥራ ሰዓት በኋላ በእግሩ የሚሄድ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ውሻው አስገድዶት የወጣ ነው ወይ መኪናው ተበላሽቶበታል። ጎረቤቴን የማውቀው በመልኩ ሳይሆን በሣር ማጨጃው ድምፅ ነው። በረዶ ሲጀምር እሱም ይጠፋል። ስለዚህ ኮሎምበስና ዙሪያዋ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ጸጥታ ካማራችሁ ሳሎናችሁ ቁጭ በሉ። ቲኬት አትቁረጡ። ይህን ምክር ለእናንተ በነጻ ሰጠኋችሁ፤ እኔ ግን ጫማዬን ከፍዬበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታላቅ እህቴ የእትዬ ሙሉ ልጅ ህሊና ለንደን ውስጥ ልታገባ ሆነ። እትዬ ሙሉ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው። ቪዛ ጠየቀች፣ ከለከሏት። ሄዳ ትቀራለች ብለው ፈሩ አሉ። እህቴን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እሷ እንኳን ለንደን፣ ዶሮዎቿን ትታ አዲስ አበባም አታድርም። ደወለችልኝ። አልቅሳ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤

«በእኔ ቦታ ቆመሽ ዳሪልኝ።»

እንግዲህ የእኔ ችግር ደግሞ መቆም ነው። እዚሁ አጠገባችን ቤክስሊ ያለው የእግር ሐኪም ተረከዜ ላይ አጥንት አድጓል ይለኛል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። የማይወጋኝ አንድ ጫማ ብቻ ነው፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ውስጡ እንደ ፍራሽ የሆነ፣ ሐኪሙ ራሱ ኦርደር ያደረገልኝ። መልኩን አትጠይቁኝ። ልጄ ማክዳ «የነርስ ጫማ» ትለዋለች። እኔ ግን ለሠርጉ በደንብ ወለወልኩት፤ ከሀበሻ ቀሚስ ሥር ማን ያየዋል ብዬ እሱኑ አድርጌ ከእሷ ጋር ተሳፈርኩ። ሌላ ጫማ አልያዝኩም። ያለኝም እሱ፣ እግሬ የሚታረቀውም እሱ።

ማክዳ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ሥራ ከያዘች ወዲህ ግርግር የሚባል ነገር አትወድም። ሠርጉ እሁድ ስለነበረ ቅዳሜን «የእኔና የአንቺ ቀን» ብላ ያዘችው። ደስ አለኝ። እኔ ለንደን ሲባል የማስበው ሁሉም ሰው የሚያስበውን ነው። ትልቁን ሰዓት አያለሁ፣ ባርኔጣው ከራሱ የሚበልጠው ወታደር አጠገብ ፎቶ እነሳለሁ፣ ለማኅበር እህቶቼ እልካለሁ… በቃ።

«ማሚ፣ ኖ» አለችኝ። «እዚያ ሁሉም ሰው ነው የሚሄደው።»

«ሁሉም ሰው የሚሄደው አንድ ነገር ቢኖር ነዋ።»

«እኔ ቱሪስት የማያውቃቸው ፕሌስ አግኝቻለሁ። ቬሪ ኳየት።»

«ካልታወቁ ለአንቺ ማን ነገረሽ?»

ስልኳን አሳየችኝ። ሰው የማያውቃቸው የለንደን ጸጥ ያሉ ቦታዎች ይላል። ከሥሩ አስተያየቱን የጻፈው ሰው ብዛት የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳን ይሞላል።

መጀመሪያ የወሰደችኝ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ወደተደበቀ የአትክልት ቦታ ነው። መደበቁንስ ተደብቋል። ለመግባት ግን ሰልፍ ነበረው። ሁሉም ስልኩን ይዞ፣ ብቻውን ለመሆን ተራውን ይጠብቃል። ገብተን ስናይ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው፤ ለቅሶ ቤት የገባን መሰለኝ። እኔ ሳስነጥስ አንዲት ልጅ ዞራ ያየችኝ አስተያየት… ጸጥታዋን ከእጇ ነጥቄ የሰበርኩባት ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ያረጀ መካነ መቃብር።

«ማክዳ፣ ለሠርግ መጥተን?»

«ቢዩቲፉል ነው ማሚ። ታሪክ አለው።»

«ታሪክ የሌለው መቃብር የት አይተሻል?»

ከመጣሁ አይቀር ጸለይኩላቸው። ስማቸውን ሣር ውጦታል፤ ጠያቂ ካጡ ቆይተዋል። ጸጥታውን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ሦስተኛው ቦታ ግን እውነቱን ልናገር፣ ልቤን ነካው። ቢሮና ባንክ ብቻ ያለበት ሰፈር ነው፤ ቅዳሜ ሠራተኛው ስለማይገባ ጭር ይላል። በመስታወት ሕንፃዎች መካከል፣ ሲያፈርሱ የረሷት የምትመስል ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከጎኗ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለበት ግቢ አላት። ማክዳ ፎቶ ልታነሳ ግቢው ውስጥ ቀረች። እኔ ወደ በሩ ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የእኛ አይደለችም፤ ታቦት የላትም። ነገር ግን የእግዚአብሔር ስም የሚጠራበት ቤት ነው። ጫማዬን አድርጌ ልግባ ወይስ ላውልቅ? በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ እኔ ጎደለ ከምባል በዛ ብባል እመርጣለሁ። ይህን ሳወጣና ሳወርድ ዝቅ ብዬ ባይ፣ በግድግዳው ሥር ጫማ ተደርድሯል። የወንድ፣ የሴት፣ የልጅ። ንጹሕ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ በረድፍ።

እንባዬ መጣ። እኛ ከቅዳሴ ስንወጣ በክርን እየተገፋፋን ጫማ የምንፈልግ ሰዎች፣ የእነዚህን ሥርዓት ተመልከቱልኝ። «ፈረንጅ እግዚአብሔርን ትቷል» የሚለውን ወሬ እዚያው በሩ ላይ ሰረዝኩት። ጥቁሩን ጫማዬን አወለቅኩና ከረድፉ ጫፍ፣ ከሌሎቹ እኩል አሰልፌ አስቀመጥኩት። እንዲያውም ከሁሉም የሚያምረው የእኔ ነበር፤ ተወልውሏላ።

ውስጥ ማንም የለም። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ያን ያህል ጫማ ውጭ ተቀምጦ ውስጥ አንድም እግር የለም። እኔ ግን ጓዳ ገብተው እየጸለዩ ይሆናል አልኩ። ተቀመጥኩ። ስለ ህሊና ጸለይኩ፣ ስለ እትዬ ሙሉ ጸለይኩ፣ ተረከዜንም አልረሳሁም። ያኔ ነው ልጄ የምትለው የገባኝ። ሬይኖልድስበርግ ያለው ዝምታ ሰው ያልመጣበት ዝምታ ነው፤ ይኼኛው ብዙ ሰው ጸልዮ የሄደበት ነው። ይህን ለማክዳ ልነግራት፣ በጠዋቱ ስላሾፍኩባትም ልክሳት፣ ቀልሎኝ ወጣሁ።

ጫማዬ የለም።

ሌሎቹ አሉ። የእኔ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። በሩ አጠገብ ፀጉሯ ነጭ የሆነ ደርባባ ሴትዮ ሻይ በፔርሙስ ይዛ ቆማለች።

«ይቅርታ፣ እዚህ ጥቁር ጫማ ነበር» አልኳት በእንግሊዝኛዬ።

ፊቷ በራ። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይባርክሽ። ሰው የሚያመጣልን ያለቀለትን ነው። አንቺ ግን እንዲህ ያለ ደህና ጫማ፣ ያውም ወልውለሽ… ገና ከማስቀመጥሽ አንዷ አነሳችው። ብርዱን ሙሉ ሰፊ ጫማ ስትጠይቀን ነበር።»

ቀስ እያለ ገባኝ። ጫማው ምእመናን ያወለቁት አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለቸገረው ሰው የሚደረደር ምጽዋት ነው። ማስታወቂያም አለው፤ ከበሩ በላይ በትልቁ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምገባው አንገቴን ደፍቼ ነው። ትሕትናም ጣጣ አለው ለካ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? «አልሰጠሁም፣ መልሱልኝ» ይባላል? የተመረቅኩት ምርቃት እኮ ገና አልቀዘቀዘም።

ማክዳ መጣች። እግሬን አየች።

«ማሚ፣ ጫማሽስ?»

«መጸወትኩት።»

«ዋት?»

ነገርኳት። መጀመሪያ አልሳቀችም። «ነገ እኮ ነው ሠርጉ» አለች በቀስታ። «ያለዚያ ጫማ እንዴት ነው የምትቆሚው? እትዬ ሙሉ…» ብላ ተወችው። እኔም ቀልዱ ለቀቀኝ። እህቴ ከዚህ ሁሉ ሠርግ ለራሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ እሱም እግሬ ላይ ነበር።

«ጫማሽን ያነሳችው ሴትዮ ሩቅ አልሄደችም። ያቻትና» አለች ማክዳ።

ግቢው ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደራረበች ወፍራም ሴት፣ እግሮቿን ወደፊት ዘርግታ ጫማዬን ታያለች። ቀኙን ታዞራለች፣ ግራውን ታዞራለች፣ ሁለቱን ገጠም አድርጋ ታያለች። የድሮ ጫማዋ አጠገቧ ወድቋል። ጫማ ማለት ድፍረት ነው፤ ፕላስተር ይዞት እንጂ እሱስ ከተለያየ ቆይቷል።

በካልሲዬ ሄድኩ። የምናገረውን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቻለሁ፤ እመቤት፣ ስህተት ተፈጥሯል ልላት ነው። ሴትዮዋ ቀና አለች። ነጠላዬን አየች። ካልሲዬን አየች። ፊቷ በሐዘን ተለወጠ።

«ውይ የኔ ቆንጆ» አለችኝ። «ቶሎ በይ፣ ሳይዘጉ ድረሺ። ገና አለ። በሩ ላይ ያለችው ደግ ናት፣ ምንም አትጠይቅሽም።»

«አይ፣ እኔ እንኳ…»

«ማፈር የለም። እኔም መጀመሪያ ቀን አፍሬ ተመልሼ ነበር።» ከዚያ እግሯን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። «እዪ ዛሬ ያገኘሁትን። ተረከዜን የሚወጋኝ ነገር ነበረኝ፣ ልክ እንደ ሚስማር። አሁን ዝም ብሏል።»

ሚስማር አለች። ለንደን ውስጥ ሕመሜን ሳልነግራት የምታውቅልኝ አንዲት ሴት ባገኝ፣ እሷም ጫማዬን አድርጋው ተገኘች።

«ያምርብሻል» አልኳት። «እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።»

ስመለስ ማክዳ ከዛፉ ጀርባ አፏን ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው።

«አልጠየቅሻትም?»

«ልጠይቃት ነበር፣ አዘነችልኝ።»

ከረድፉ ውስጥ ለእኔ እግር የሚሆን የተረፈው አንድ ነው። የወንድ ስኒከር። ብርቱካንማ። ብርቱካንማ ስላችሁ ልከኛውን እንዳታስቡ፤ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች መኪና እንዳይገጫቸው የሚለብሱትን ሰደርያ አስቡ። ማሰሪያው አረንጓዴ ነው። ባለ ነጭ ፀጉሯ ሴትዮ «ይኼ ከመጣ ቆየ፣ የደፈረው ግን የለም» አለችኝ። የድኃ ድርሻ እንዳልነካ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የአቅሜን ከተትኩና፣ ሌላ እስክገዛ ብዬ አደረግኩት።

መግዛቱም አልሆነ። ማክዳ በመጨረሻ ጸጥታውን ትታ ሕዝብ ወደሚርመሰመስበት የገበያ መንገድ ወሰደችኝ። የተመኘሁትን ለንደን ያየሁት ያኔ ነው፤ በብርቱካን ስኒከር። ያልሞከርኩት ጫማ የለም፣ ያልወጋኝም የለም። ያልወጋኝ፣ ጉድ በሉ፣ ያ የወንድ ስኒከር ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ችግር አልነበረም፤ እዚያ ሁላችንም ባዶ እግራችንን ነን። ተክሊሉ ሲያልቅ ሕዝቡ መደርደሪያው ላይ ተረባርቦ ጥቁሩን ጫማ ከጥቁር ሲለይ፣ እኔ የእኔን ከሩቅ አየሁት። ማንም አልነካውም። ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ።

አዳራሹ ውስጥ ግን የእናት ቦታ የእኔ ነበር። ቀሚሴን ወደ ታች እየሳብኩ እንግዳ ተቀበልኩ። ቆሜ መረቅኩ፣ ቆሜ አስተናገድኩ። ህሊና አንዴ ጎንበስ ብላ ጫማዬን አየችና ቬሏን አፏ ላይ ያዘች። ጭፈራው ሲጀመር ቀሚስ መሳቡ ቀረ። በእህቴ ቦታ የቆመ ሰው እንዴት ይቀመጣል? ተረከዜም ቃል አልተነፈሰም።

ለእትዬ ሙሉ ሠርጉን በቪዲዮ እንድታሳይ የታዘዘችው ማክዳ ነበረች። ስልኩን አበባ ማስቀመጫ ላይ አስደግፋ እሷም ልትጨፍር ገባች። ስልኩ ተንሸራትቶ መሬት ወርዶ፣ ከወንበር እግር ጋር ተደግፎ ቀረ። ያየው የለም።

በማግስቱ እትዬ ሙሉ ደወለች። ድምጿ ጎርንኗል፤ እልል ስትል ውላ ነው።

«ተክሊሉን ጥርት አድርጌ አየሁ» አለች። «አዳራሹ ላይ ግን ስልኩ ምን እንደነካው እንጃ፣ ያየሁት ከቁርጭምጭሚት በታች ያለ የሰው እግር ብቻ ነው።»

«ውይ እትዬ…»

«ተዪው፣ ለእኔ እሱም ይበቃኛል። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ብርቱካን ጫማ ያደረገው ሰውዬ ማነው?»

ማክዳ ትራስ አፏ ላይ አፈነች።

«የቱ ሰውዬ?»

«አንዱ ነዋ። ሌላው ሁሉ እየደከመው ሲቀመጥ እሱ አልተቀመጠም። አንዴም። ልጄን እንደ ወለዳት ሰው ነው የቆመላት። ከሙሽራው ወገን ነው መሰለኝ። በጸሎት ላስበው፣ የክርስትና ስሙን ጠይቂልኝ።»

በሌላው ሁሉ ልቀልድ እችላለሁ። በክርስትና ስም ግን አይቀለድም።

«ወለተ ማርያም» አልኳት፤ የራሴን።

ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። ማክዳ ለንደንን ሙሉ ስታዞረኝ የዋለችበት ጸጥታ፣ ከደብረ ብርሃን በስልክ መጣ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣውን ሳቅ ግን… ሬይኖልድስበርግ ያለው ጎረቤቴ ሣር ማጨጃውን አጥፍቶ ሳያዳምጠው አልቀረም።