የግራዝማች ራዲዮን ሆድ ዕቃ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያረጀ ራዲዮን ድምፁ ሲጠፋ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? አትደብቁኝ፣ ትመቱታላችሁ። በቀኝ ጎኑ ትመቱታላችሁ፣ እምቢ ካለ በግራው፣ አሁንም እምቢ ካለ አናቱን። ሽማግሌ ሰው ጉሮሮው ቢዘጋበት ተልባ አፍልተን ማር በጥብጠን የምንሯሯጥ ርኅሩኆች፣ ነገሩ ራዲዮን ሲሆን ግን መድኃኒታችን ጥፊ ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማይሠራ ቀን ምን እንደሚመጣ ያየሁት ግን አንኮበር ነው።

አስተማሪ ሆኜ አንኮበር በሄድኩበት ዘመን የተከራየሁት ከግራዝማች ወንድይፍራው ግቢ ነበር። ግራዝማች ከማዕረጋቸው ይልቅ በራዲዮናቸው ነበር የሚከበሩት። በሰፈሩ ያለው ራዲዮን እሱ ብቻ ሲሆን፣ ትልቅ የእንጨት ሣጥን የሚያህል፣ ዳንቴል የለበሰ ባለግርማ ዕቃ ነበር። አመሻሽ ላይ ዜና ሊሰማ የማይመጣ ጎረቤት የለም። ችግሩ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ሄዶ፣ እኔ ስደርስ የሚሰማው ጆሮውን ለለጠፈበት ሰው ብቻ ሆኖ ነበር፤ ጆሮ የመለጠፍ ሥልጣን ደግሞ የባለቤቱ ነው። ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ቀና ብለው ይነግሩናል፣ እኛም እንደ ንስሐ ልጅ አንገታችንን ደፍተን እንቀበላለን።

አንድ ቀን ጭራሽ ዝም አለ። በጥፊም አልተመለሰም። ደብረ ብርሃን አንድ የሰዓትና የራዲዮን ጠጋኝ እንዳለ እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ያ ራዲዮን በበቅሎ ተጭኖ ገበያ መሀል ሲያልፍ ከታየ የግራዝማች ነገር አበቃለት። ስለዚህ ዘዴ ተዘየደ። የጀርባውን ክዳን ፈታንና አምፖሉን፣ ሽቦውን፣ ሆድ ዕቃውን በሙሉ አውጥተን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልነው። ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጠጋኙ ገለጥ አድርጎ አየና አንደኛው አምፖል እንደተቃጠለ፣ ምትኩም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እንደሚቆይ ነገረኝና ከነጋቢው ትቼለት ተመለስኩ። ባዶው ቀፎ ግን ዳንቴሉን እንደለበሰ ግራዝማች ቤት ተቀምጧል።

ለእውነት ያህል ግራዝማች የመዋሸት ሐሳብ አልነበራቸውም። «ዛሬ ደክሞታል» ብለው ሰዉን ሊያሰናብቱ ነበር። ያላሰቧቸው እትዬ በላይነሽን ነው። እትዬ በላይነሽ ባልቴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው አስር አለቃ ታደሰ ኮንጎ ዘምቶባቸዋል። ደብዳቤው ከቀረ ሰባት ወር አልፎታል፤ የማነብላቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ሁልጊዜ በሩ ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ።

«ግራዝማች፣ የኮንጎዎቹ ልጆች ምን አሉ?»

ግራዝማች አዩዋቸው። አዩዋቸውና ጆሮአቸውን ባዶው ቀፎ ላይ ደቀኑ።

«ደህና ናቸው» አሉ።

በማግስቱ «የኔስ?» መጣ። የእሳቸውም ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን ምሳውን በደንብ በልቷል። በሳምንቱ ጥርሱን አመመው። በዘጠነኛው ቀን ጥርሱ ተነቀለና፣ ሰፈሩ ዳቦና ጠላ ይዞ «እንኳን እግዜር ማረው» ሊል እትዬ በላይነሽ ቤት ጎረፈ። እኔም ሄጃለሁ። ምን ላድርግ? ከአልዩ አምባ ጨው ይዘው የሚወጡት ነጋዴ ሀጂ ሰይድ እንኳ ግመላቸውን አስረው ገብተው «ጥርስ ክፉ ነው፣ አላህ ያሽረው» ብለው አጽናንተዋል።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። አንድ ቀን ግራዝማችን ለብቻቸው ሳገኛቸው ደፍሬ ተናገርኩ።

«ግራዝማች፣ ልጁ ሞቶ ቢሆንስ?»

«እኔ እያለሁ ማን ይገድለዋል?» አሉኝ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ዋጥኩት፤ እሳቸውም እንደኔ ፈርተዋል።

ከዚያ አንድ አመሻሽ ላይ ግራዝማች ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «አስር አለቃ ታደሰ ኮንጎ ውስጥ ልብሱን አጥቦ አስጥቷል» እያሉ ሳለ በሩ ተከፈተ። የገባው አስር አለቃ ታደሰ ነው። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ትከሻው ላይ ደግሞ የማውቀው አሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ በላይነሽ እጁን ይዘው ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡትና እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ግራዝማች፣ በደብረ ብርሃን ሳልፍ ጠጋኙ የራዲዮንዎን ሆድ ዕቃ...» ብሎ ጀመረ ታደሰ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት እናቱ። «ስላንተ እያወራ ነው!»

ግራዝማች አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። አዩት። መልሰው ጨፈኑት።

«አሁን በደረሰን ዜና» አሉ፣ «አስር አለቃ ታደሰ በደህና አንኮበር ገብቷል።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። «ይኸው! አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም!» ተባለ። እትዬ በላይነሽ ልጃቸውን አፍህን ክፈት ብለው ጥርሱን በጣታቸው ቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም። አሁን አለቀልን አልኩ።

«ተመስገን» አሉ፣ «በቅሎለታል።»

ሀጂ ሰይድ ብቻ ጋቢውን አዩ፣ ከጋቢው የወጣውን ሽቦ አዩ፣ ቀፎውን አዩ፣ ግራዝማችን አዩ።

በማግስቱ ሆድ ዕቃውን ወደ ቦታው መለስንና ራዲዮኑ እንደ ጎረምሳ ጮኸ። ስለ ስብሰባ አወራ፣ ስለ መርከብ አወራ፣ የማናውቀውን አገር ሁሉ ሲቆጥር ቆየና ዜናው አለቀ። ሰዉ ተያየ። «ይሄ ራዲዮን ተበላሽቷል፤ ሰው አያውቅም» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ሲወጡ። በሦስተኛው ቀን ግራዝማችና እኔ ብቻችንን ቁጭ ብለን ራዲዮኑ ይጮህብናል። ግራዝማች በሦስት ቀን ውስጥ ያረጁ መሰለኝ፣ አሳዘኑኝም።

ሀጂ ሰይድ ገቡና በሩ ሥር፣ እትዬ በላይነሽ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ያንን ሽቦ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው።

«ግራዝማች» አሉ ጫማቸውን እያዩ፣ «ታናሽ ወንድሜ ጅቡቲ ከወረደ ዓመት ሞላው። ወላሂ፣ አንድ ቃል አልሰማሁም።»

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። ተነሥቼ ራዲዮኑን አጠፋሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሮአቸውን ደቀኑ።