የጋሼ ሰብሐት ቱቦ ያለው አፈር

(ጭድ ተራ፣ የጋሼ ሰብሐት ሱቅ። ተሸካሚው ሀያቱ አንድ ጆንያ ነጭ ዱቄት ትከሻው ላይ እንዳደረገ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከመጣ ቆይቷል፤ በጎኑ ማውረድ ግን አልተፈቀደለትም።)

ሰብሐት፦ አቁመህ አውርደው አልኩህ እኮ። በጎኑ ካስተኛኸው ቱቦው ይታጠፋል።

ሀያቱ፦ ጋሼ፣ አፈር ምን ቱቦ አለው?

ሰብሐት፦ ይሄ ተራ አፈር መሰለህ? ሃሎሳይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ተፈጥሮ የጠቀለለቻት ቱቦ ናት።

ሀያቱ፦ (ጆንያውን አቁሞ አወረደና ፈትቶ አየ።) እኔ አልታየኝም።

ሰብሐት፦ አይታይማ። ፀጉርህን ሺህ ቦታ ብትሰነጥቀው ነው ውፍረቷ።

ሀያቱ፦ ታዲያ በዚህ ቱቦ ለየትኛው ሰፈር ውሃ ሊገባ ነው?

ሰብሐት፦ ውሃ ማን አለህ? መድኃኒት ነው የሚሞላበት። ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል።

ሀያቱ፦ ሰባተኛ ሰፈር መንገድ ሲጨናነቅ እንደሚወጣ መኪና።

ሰብሐት፦ ደላላው ጎበዜ ተራራ ሙሉ አግኝቶልኛል። ዛሬ ሱቄን አስረክቤ ተራራውን እረከባለሁ።

ሀያቱ፦ (ዝናብ ሲመጣ የሚጠለለው እዚህ ሱቅ ነው።) ተራራውን አይተውታል?

ሰብሐት፦ ጎበዜ የላከው ይሄ ናሙና ይበቃኛል። ውሃ አምጣ፣ ላሳይህ። ሸክላ ስለሆነ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል።

(ሀያቱ በባልዲ ውሃ አመጣ። ሰብሐት ከዱቄቱ ባልዲው ውስጥ ገልብጦ በቀኝ እጁ ማቡካት ያዘ።)

ሰብሐት፦ ሞቀ። ቱቦዎቹ ሥራ ጀመሩ ማለት ነው።

ሀያቱ፦ አክስቴ ምስራ ለድስት አፈር ስታቦካ እጇን ይበርዳት ነበር እንጂ አይሞቃትም።

ሰብሐት፦ አክስትህ ሃሎሳይት ታውቃለች?

ሀያቱ፦ ኧረ አታውቅም። እስቲ እጅዎን ያውጡት።

ሰብሐት፦ (ሳበ። ባልዲው አብሮ ተነሳ።) ጠንከር ብሏል። ፕላስቲክ ውስጥ ሲጨመርም ያጠነክራል ይላሉ።

ሀያቱ፦ ጋሼ፣ ይሄ ጀሶ ነው።

ሰብሐት፦ አንተ ስለ ማዕድን ምን ታውቃለህ?

ሀያቱ፦ ስለ ማዕድን ምንም። ጀሶ ግን ስሸከም ነው የኖርኩት። ትናንት ይችኑ ጆንያ ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ለጎበዜ ያደረስኩለትም እኔ ነኝ።

ሰብሐት፦ ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልክ?

ሀያቱ፦ ይሄን ያህል ሲያብራሩልኝ፣ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነዋ።

(ደላላው ጎበዜ ውሉን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ገባ።)

ጎበዜ፦ ጋሼ፣ እዚች ጋ ይፈርሙልኝ።

(ሰብሐት እጁን ከነባልዲው ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ጎበዜ ባልዲውን አየ፤ ፈገግታው ቀስ እያለ ወጣ።)

ሰብሐት፦ እፈርማለሁ። ሀያቱ፣ መጀመሪያ በሩን ዝጋና መዶሻ አቀብለኝ።