የራሴን ማስጠንቀቂያ አሳምሬ ጻፍኩ

«በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። እኔ ግን ሮቤ ውስጥ ውሃ ሲቆም ያየሁት አከራይ ቧንቧ ሲዘጋ ብቻ ነው። ተከራዩ እንዲለቅ ከተፈለገ መጀመሪያ ውሃው ይጠፋል። ከዚያ መብራቱ። ከዚያ የአከራዩ ሰላምታ። ይህ ሁሉ ሲሆን «ውጣ» ያለ ሰው የለም እኮ! እኛ ጨዋዎች ነን።

ይህን የማውቀው ከሥራዬ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ በኦሮምኛም በአማርኛም ማመልከቻ እጽፋለሁ። ውሃ የተዘጋበት ተከራይ እያለቀሰ ይመጣል። ውል አለህ ወይ እለዋለሁ። ካለው ጌታ ነው። ውሉ ሳያልቅ አትወጣም፣ ሲያልቅም ሁለት ወር ቀድሞ በጽሑፍ ሊነገርህ ይገባል፣ ቧንቧ መዝጋት ማስጠንቀቂያ አይደለም ብዬ አጽናናዋለሁ። ግን አብዛኛው ውል የለውም። ለምን? አከራዩ «አንተ እንደ ልጄ ነህ፣ በአባትና በልጅ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ስላለው። ወገኖቼ፣ አከራይ «ልጄ» ካላችሁ ዕቃችሁን ሸክፉ።

የእኔ አከራይ ሐጂ ከድር ግን ለየት ይላሉ። ልጄም ይሉኛል፣ ውልም ፈርመውልኛል። ባለቤቴ ጽጌ ስትወልድ የመጀመሪያው ገንፎ የመጣው ከእሳቸው ቤት ነው። ያስቸገረኝም ይኸው ደግነታቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ጃንጥላዬ ሥር መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልመ ኮ?» አሉኝ። ደህና ማደሬን ነገርኳቸው። «ማስጠንቀቂያ እንድትጽፍልኝ ነው» አሉ።

«ለማን?»

«ለተከራዬ።»

ሐጂ ያላቸው ተከራይ አንድ ነው። እሱም እኔ ነኝ።

ልጃቸው ልታገባ ነው፤ ቤቱ ለእሷ ተፈልጓል። ውላችን ሊያልቅ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ቀርቶታል። ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣዎት ብላቸው ተገረሙ። ከአንተ የተሻለ ጸሐፊ ማን አለ? ደግሞ በሌላ ሰው ባስጽፍ በጓሮ የመከርኩብህ ይመስላል፣ ወላሂ ነውር ነው አሉኝ። ሐጂ ሰውን ከቤቱ ሲያስወጡት እንኳ አክብረው ነው።

ልጃችን ገና ሦስት ወሩ ነው። ሁለቱ ወር ሲሞላ ደግሞ ሐምሌ ይሆናል፤ ዝናቡና የሳነቴ ደጋ ንፋስ ተባብረው የሚወርዱበት ጊዜ። ያኔ ጨቅላ ታቅፎ የት ይኬዳል?

በዚህ ጊዜ ሰይጣን ጃንጥላው ሥር ገባ። ቀኑን ዝለለው አለኝ። ቀን የሌለው ማስጠንቀቂያ ሁለት ወሩ ከየት ይቆጠራል? በዚች ቀዳዳ ስንቱን ተከራይ አሾልኬያለሁ! ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ሐጂ እንደሆነ ዓይናቸው ደክሟል፣ አያነቡትም።

ዘለልኩት። ግን አጠገቤ ሌላ ጃንጥላ አለ፤ ሥሩም ደንበኞቼን ሲመኝ የሚውለው ሙላት አለ። ሐጂ ወረቀቱን ለእሱ ቢያሳዩትስ? «ቀን እንኳ መጻፍ አያውቅም» ብሎ ከተማውን ሊያዳርስብኝ? ቤት ማጣት ይቻላል። የሙላት መሳቂያ መሆን ግን አይቻልም። ተመልሼ ቀኑን ጻፍኩ። ሰዓቱንም ጨመርኩ። ምክንያቱን፣ የውሉን አንቀጽ፣ የምስክሮቹን መፈረሚያ፣ ምኑ ቅጡ! ሐጂ ፈርመው እዚያው ለእኔው ሰጡኝ። ተቀብዬ ቀዳዳ ፈለግሁ። የለም! በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ማስጠንቀቂያ ጽፌ አላውቅም።

ምሳ ሰዓት ለጽጌ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበች። ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና «ለሰው ስትጽፍ ጎበዝ ነህ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ፍለጋ ጀመርን። አከራይ መቼም መጠየቅ አይታክተውም። ስንት ናችሁ? እንግዳ ይበዛል? ሕፃኑ ያለቅሳል? (ኧረ የለም፣ ጋዜጣ ሲያነብ ነው የሚውለው!) ይህን ሁሉ አልፈን «ሥራህ ምንድን ነው?» ላይ እንደርሳለን። እናገራለሁ። ፊታቸው ይለወጣል። አንዷማ በግልጽ ነገሩኝ፦ ለሌባ በር እቆልፋለሁ፣ ሕግ የሚያውቅ ተከራይ ግን አንዴ ከገባ በምን አስወጣዋለሁ? ሐጂ አዝነውልኝ ራሳቸው አማላጅ ሆነው ዞሩ። «ሕግ ያውቃል፣ ግን ሰው አይጎዳም» እያሉ መሰከሩልኝ። ይህ ምስክርነት ጨርሶ ገደለኝ።

ሁለት ሳምንት ሲቀረን ጽጌ ሕፃኑን አዝላ ብቻዋን፣ ማንም ወደማያውቀኝ ጎባ ከተማ ሄደች። ስትመለስ ቤት ተገኝቷል፣ ነገ ውል ትፈርማለህ አለችኝ። ስለ እኔ ምን ነገርሻቸው ብላት፣ አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ አለች።

አዲሷ አከራያችን እማማ ዘነበች ውሉን አስጽፈው ጠበቁን። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ እያሉ ያነቡልኝ ጀመር። አከራይ ባሰኛት ቀን ታስወጣለች ይላል። ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ይላል። ተከራይ አይከራከርም ይላል። ሕግ የሚከለክለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ሰፍሯል። አፌን ልከፍት ስል ጽጌ እግሬን ረገጠችኝ።

«ገብቶሃል?» አሉኝ እማማ ዘነበች።

ገብቶኛል አልኩ።

«አይዞህ፣ አለመማር ነውር አይደለም» አሉና የማኅተም ቀለሙን ከፍተው አውራ ጣቴን ያዙልኝ።