በደመና ቀን የተነሳ ፎቶግራፍ

ሰው ፎቶግራፍ ሊነሳ ሲቆም ለምን ትንፋሹን እንደሚውጥ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ሳቂታው ይኮሳተራል፣ ኮስታራው አንገቱን ያሰግጋል፤ ቤተሰቡ እንኳ የማያውቀው እንግዳ ሰው ይሆናል። ደግነቱ ካሜራው ቀጭ አድርጎ ቶሎ ይገላግለዋል። የኔው ካሜራ ግን እንዲህ አልነበረም።

በጃንሆይ ዘመን ቢቸና አስተማሪ ሳለሁ፣ ከጫማ ካርቶን ካሜራ ሠራሁ። ውስጡን በጥላሸት አጠቆርኩ፣ ፊቱ ላይ በመርፌ የተበሳ ቆርቆሮ ለጠፍኩ፣ ከኋላው ፊልም ወጠርኩ። መስታወት የለው፣ ምን የለው! በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ምን ይዞ እንደሚገባ ለማየት ከመጓጓቴ የተነሳ ፀሐይ እስክትወጣ መታገሥ አቃተኝና፣ በአንድ ጨፍጋጋ ቅዳሜ ከተማውን መዞር ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያኑን አነሳሁ፣ ገበያውን አነሳሁ። ደመናው ከብዶ ስለነበር ለአንዱ ፎቶ ቀዳዳውን አምስት ደቂቃ ያህል ከፍቼ እጠብቅ ነበር።

ጎረቤቴ እማማ ትሁን ካርቶኔን አቅፌ ሳልፍ አስቆሙኝ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ በላይና ስማቸው የሚባሉት፣ በአባታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ሽማግሌዎቹም ሰልችተው ትተዋቸዋል።

«ልጄ፣ ሳልሞት ከሁለቱ ጋር አንሳኝ» አሉኝ።

እምቢ ይባላል? ልጆቹም ለእናታቸው ሲሉ መጡ፤ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። «እስክዘጋው ድረስ ንቅንቅ የለም!» አልኩ። ወንድማማቾቹ ድርቅ አሉ። መኮሳተሩን እንደሆነ ለምደውታል።

ፊልሙን ደብረ ማርቆስ ልኬ አሳጠብኩት። ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ገበያው ግን ባዶ ሜዳ ሆኗል፤ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ሁሉ ቀዳዳዋ አልያዘችውም። በቤተሰቡ ፎቶ ላይ በላይና ስማቸው ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። እማማ ትሁን ግን ሁለት ፊት አላቸው፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱም ጉም የመሰሉ። ለካ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ ልጆቻቸውን በየተራ ሲያዩ ነበር!

እያፈርኩ ወሰድኩላቸው።

«ተበላሽቷል እማማ። ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ላንሳዎት።»

«ምኑ ተበላሸ? ሁለቱም አሉ» አሉኝ።

ልጆቹም ተጠርተው መጡና ፎቶው ላይ አጎነበሱ። ስማቸው ጣቱን ቀሰረ። «ወደኔ የዞረው ፊት ይጎላል። እማ እኔን ነው አብዝታ ያየችው።»

«ወደኔ የዞረው ነው የሚጎላው፤ ዓይንህን ጥረግ!» አለ በላይ።

«አንተ ጥረግ!»

ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። ልገላግል ብድግ ስል እማማ ትሁን ክንዴን ያዝ አደረጉና በሹክሹክታ፣

«ተዋቸው ልጄ፣ እያወሩ ነው» አሉኝ።