ከኩልመስክ የመጣው ጠመንጃ

አቶ ደባሱን በቅርብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሰላም ሲሉኝ እንኳ የጣስኩት ሕግ ያለ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ግን ላስታ ውስጥ ደባሱ የሌለበት መንደር የለም። በአንዲት የድንበር ክርክር ወልድያ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ጎልማሳነቱን የጨረሰ፣ በመጨረሻም መሬቱን ተረትቶ ሕጉን ይዞ የተመለሰ ሰው ማለቴ ነው።

ክቡርነታቸው ቁጭ ብለው አያወሩም። ጋቢያቸውን እያነሡ እየጣሉ፣ ከበር እስከ አጥር እየተመላለሱ «ሕጉ ሌላ ነው!» ይላሉ። ሰርግ ለደገሰ ሕጉ ሌላ ነው፤ ንብ ለኮበለለበትም ሌላ ነው። ደርግ መጥቶ የለመዱትን ሕግ ሁሉ ሲሽርባቸው ያዝናሉ ስንል፣ አዲስ ልብስ እንደተገዛለት ሰው ፈነደቁ።

ያን ሰሞን ጎረቤታችን ሀብተ ሥላሴ ሞተ። ጠመንጃው ሰደፉ ተሰንጥቆ ለጥገና ኩልመስክ ሄዶ፣ የሚስቱ ወንድም ፈንታው ዘንድ ነበር። ለቅሶው እሑድ ነው። የወንድ ለቅሶ ደግሞ ጠመንጃው አደባባይ ካልወጣ ምኑን ለቅሶ ሆነ?

ሚስቱ የሻረግ አቶ ደባሱ ደጅ ቆመች።

«ጋሼ፣ ፈንታው ጠመንጃውን በመንገደኛ ይላክልኝ?»

«ኧረ ወዲያ! ሕጉ ሌላ ነው። ፈቃዱ ከሟች ጋር ሞቷል። ወራሹ በገበሬ ማኅበር ሳይመዘገብ ጠመንጃው ከወረዳ ወረዳ ቢሻገር፣ ላኪም ተሸካሚም ተቀባይም ይታሰራል።»

«ምዝገባው መቼ ያልቃል?»

«ሊቀመንበሩ ከስብሰባ ሲመለስ።»

«ከስብሰባ የተመለሰ ሊቀመንበር አይተው ያውቃሉ? ባሌ በባዶ ሜዳ ይለቀስለት?»

አቶ ደባሱ መመላለሳቸውን አቆሙ። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

ቅዳሜ ወሬው ቀድሟቸው ደረሰ። ኩልመስክ ገበሬ ማኅበር ገብተው፣ «ባለቤት የሌለው መሣሪያ ፈንታው ቤት ተቀምጧል፣ ተረከቡ!» ብለው ጠቁመዋል ተባለ።

«እንዲህ ያለ ሽማግሌ ምነው መሬት በዋጠው!» አለች የሻረግ።

እሑድ ሜዳው በሰው ሞላ። እሷ ታለቅሳለች፤ ዓይኗ ግን ከመንገዱ አይነቀልም። ድንገት ሁለት ሚሊሾች ብቅ አሉ። አንደኛው የሀብተ ሥላሴን ጠመንጃ ተሸክሟል፤ ከፊታቸው አቶ ደባሱ ይገሰግሳሉ። ለካ የተያዘ መሣሪያ ፈቃዱ ወደ ተሰጠበት ወደ ላሊበላ ታጅቦ መመለስ አለበት! ያን ቀን በሕግ መንገድ ሊሄድ የሚችለው እንዲህ የተያዘ ጠመንጃ ብቻ ነበር።

ሚሊሾቹም የላስታ ልጆች ናቸው፤ ለቅሶ አይተው አያልፉም። ገቡ። ተሸካሚው ጠመንጃውን ወደ ላይ አንሥቶ ሲፎክር ሜዳው ተናወጠ። የሻረግ የተሰነጠቀውን ሰደፍ አቅፋ፣ ገና ያን ጊዜ ከልቧ አለቀሰች። በኋላ ሚሊሾቹ ንፍሯቸውን በልተው፣ ጠመንጃውን ይዘው ወደ ላሊበላ ጽሕፈት ቤት ቀጠሉ።

አቶ ደባሱ አጠገብ ተቀምጬ ስለነበር እንደምንም ደፈርኩ።

«ጋሼ ደባሱ፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚወስደው መንገድ እኮ በላይ በኩል ነው። በዚህ በኩል ማን መራቸው?»

አዩኝ። ከእፍኛቸው ንፍሮ ግማሹን መዳፌ ላይ ገለበጡልኝ።