ጋቢ የለበሰው ማሽን

እኛ ሰዎች የምንወደውን ነገር ካልሸፈንነው የወደድነው አይመስለንም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይደረብለታል፤ ሶፋው ከነላስቲኩ ያረጃል፤ ሪሞቱ ሳይቀር በፌስታል ተጠቅልሎ ይኖራል። እርስዎም ቤት አለ፤ አይካዱኝ። እኔ ግን የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነኝና ከሽፋን ሥር ስንቱ እንደሚታፈን አውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት ቁስቋም የምትኖር ትርንጎ የምትባል ሴት ደወለችልኝ። አባቷ የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ሳንባቸው ደክሞ የሚተነፍሱት ከአየር ኦክስጅን በሚያጣራ ማሽን ነው።

«ማሽኑ ይጮሃል እንጂ አየር አይሰጥም። ለጊዜው በኦክስጅን ሲሊንደር ይዣቸዋለሁ፤ እሱም ብዙ አይቆይም» አለችኝ።

መሣሪያዬን ይዤ በባጃጅ በረርኩ።

ማሽኑን ጋቢ ለብሶ አገኘሁት። ጋቢው ሲገፈፍ ከሥሩ ዳንቴል። ጀርባውን ስነካው ያቃጥላል።

ስከፍተው ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ የሚያስፈራውም ትንሽነቱ ነው። አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ቫልቭ አለ፤ የተጠመጠመበት የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት እየሆነ ቀጭን ብረት ይስባል። ሽቦው ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ብረቱ የሚመላለስበትን የፕላስቲክ ቱቦ አለስልሶ አጣሞታል። የጠመመው ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ብረቱ ግን ተቀርቅሮ ቀርቷል።

ሱቄ ውስጥ ሞተሩ የሞተ ተመሳሳይ ማሽን ነበር። ኑሪያ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ አባቷ ካረፉ በኋላ «ቤት ውስጥ ማየት አቃተኝ» ብላ እኔ ዘንድ ያስቀመጠችው ነው። ደውዬ የቫልቩን ነገር ስጀምርላት፣ «አውጣው» አለች፤ አላስጨረሰችኝም።

ቫልቩን አምጥቼ ስገጥም የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ማለቂያው ቀይ ላይ ደርሶ ነበር። ማሽኑ ተነፈሰ። ያን ጊዜ እኔም ተነፈስኩ።

«ምነው፣ ምን አገኘው?» አለች ትርንጎ።

በፍቅር ያለበሰችው ልብስ አባቷን ሊነጥቃት እንደነበር እንዴት ይነገራል? ባልነግራት ደግሞ ነገ መልሳ ታለብሰዋለች።

«እህቴ፣ ጋቢው ነው» አልኳት።

«ድምፁ እንዳይረብሻቸው ብዬ እኮ ነው!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የኔታ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሸጋ ልጅ ነሽ፤ አታልቅሺ። ድምፁን ስሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።» ትንፋሽ ወስደው ጨመሩ፦ «ጋቢውን ግን መልሺልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ብርድ ፈጀኝ።»

በማግስቱ ቫልቩን ለማየት ስመለስ ኑሪያ የኔታ አጠገብ ተቀምጣለች። አይታቸው አታውቅም፤ ቤቱን ጠይቃ ነው የመጣችው።

«የአባቴ ቫልቭ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

ቫልቩ ካለበት በኩል፣ ከማሽኑ ጀርባ ሙቅ አየር የሚወጣበትን አሳየኋት። እጇን አስጠግታ ቆየች።

«ይሞቃል» አለች።

«አዎ» አልኳት፤ «ሲሠራ ነው።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እሷ እጇን አላነሳችም፤ እኔም አንሺ አላልኳትም።