ክቡር ማን-ነው-ያለው እና የመስኮቷ ወንበር

ሰው በተቀጠረበት ቦታ ሁሉ አንድ «ማን ነው ያለው?» ባይ አይጠፋም። ሕንፃው ቀለም ሳይቀባ እሱ ተቀጥሮ ይጠብቃል። የደመወዝ ጭማሪ አለ ሲባል «ማን ነው ያለው?» ይላል፤ የለም ሲባልም ያንኑ ይላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የማሽን ጠጋኙ ናቸው። ሰማያዊ ካፖርታቸው ከዘይት ብዛት ጠቁሯል፣ ከደረት ኪሳቸው ካቻቢቴ አይለይም፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ተሰክቶ ይውላል። ሠራተኛው «ክቡር ማን-ነው-ያለው» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ማዕረጉን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ ክቡርነታቸው እስከ ዛሬ እያጣሩ ነው።

ዝናቸው የፋብሪካውን አጥር ተሻግሯል። ሐኪም ጨው ይቀንሱ ቢላቸው፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው «ማን ነው ያለው?» አሉት። ባለቤታቸው ሽንኩርት አልቋል ሲሏቸው ጓዳ ገብተው ቅርጫቱን ሳይገለብጡ ገበያ አይወጡም። የእሳት አደጋ ልምምድ የተደረገ ዕለትማ ሰው ሁሉ ግቢ ወጥቶ ሲሰለፍ፣ እሳቸው ውስጥ ቀርተው ጭሱን ሲፈልጉ ተገኙ። ጥበቃው ክንዳቸውን ይዞ ሲያወጣቸው ደወልም እኮ ይሳሳታል እያሉ ቅር ብሏቸው ነው የወጡት።

ይህ ሁሉ ከማንም በላይ የሚያንገበግበው የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋን ነበር። ነገር ሲጀመር መጨረሻው እንዲታያት የምትፈልግ፣ ወሬ ሲንዛዛ ጠረጴዛ ሥር እግሯ የሚወዛወዝ ሴት ናት። ክቡርነታቸው የሠራተኛው ተወካይ ሆነው የዲሲፕሊን ኮሚቴው ውስጥ ከገቡ ወዲህ፣ ከምሳ በፊት ያለቀላት ስብሰባ የለም። ምሳዋን ሞቅ እንዳለ መብላት ምን እንደሚመስል ረስታለች።

በዚህ መሀል ነው ፕሮግራሙ የመጣው። ሥራ አስኪያጁ ያስገቡት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከየስፌት ማሽኑ ቁጥር እየለቀመ ማን ፈጠነ፣ ማን ዘገየ፣ ማን ይሸለም፣ ማን ይሰናበት የሚል ሐሳብ ያቀርባል። አይንዛዛም፣ አያኮርፍም፣ ጥያቄን በጥያቄ አይመልስም። ኃላፊዋ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደደችው።

ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙ አንዲት ኮሌታ ሰፊ እንድትሰናበት ሐሳብ አቀረበ። ጠዋት ጠዋት እንከን የሚወጣላት አልነበረም፤ ከምሳ በኋላ ግን ፍጥነቷ ይወርዳል፣ ስፌቷ ይጣመማል፣ ኮሌታው ተመላሽ ይሆናል። ወር በወር ያው ነው። ሴትየዋ ሁለት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች፤ ይህን ግን ማሽን አይቆጥረውም። ሥራ አስኪያጁ የስንብት ደብዳቤው በማግስቱ እንዲደርሳት አዘዙ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ኃላፊዋ አነበበች፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ከፈተች።

«ማን ነው ያለው?» አሉ ክቡርነታቸው።

«ፕሮግራሙ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እሱማ ገባኝ። ከሰው ማን ነው ያለው? ነገ ደብዳቤውን ስትሰጫት ማን ነው ያለው ብትልሽ፣ የማንን ስም ልትጠሪላት ነው?»

ኃላፊዋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ፕሮግራሙ ቁጥር ነው ያቀረበው። ሥራ አስኪያጁ የፕሮግራሙን ተቀበሉ፣ እሷ ደግሞ የሥራ አስኪያጁን። ሁሉም ጣቱን ወደ ጎን ቀስሯል፤ ሴትየዋን ያሰናበታት ሰው ግን የለም። ኃላፊዋን ከሁሉ ያናደዳት ጥያቄው ልክ መሆኑ ነው። ወርጄ አይቼ እፈርማለሁ ብላ ተነሳች። ሐሳቧ ግን መፈረሙ ላይ ነበር እንጂ ማየቱ ላይ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ የኮሌታ ሰፊዎቹ ረድፍ ጫፍ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ያየችው ፀሐይዋን ነው። በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ገብታ ኮሌታ ሰፊዋ የተመደበችበት የዳር ማሽን ላይ ታርፋለች፤ ነጩ ጨርቅ ሲያንጸባርቅ እንኳን መርፌው የገዛ እጅ አይታይም። ቀጥላ ያየችው ኮሌታ ሰፊዋ በቦታዋ አለመኖሯን ነው። በእሷ ማሽን ላይ ሌላ ሴት ዓይኗን አጨንቁራ ትሰፋለች። ትንሽ ቆይቶ ያቺ ተነሳች፣ ከጎኗ ያለችው ገባች፣ ረድፉ በሙሉ አንዳንድ ወንበር ተሸጋሸገ። አንዲት ቃል አልተነጋገሩም።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠላት። ሴቶቹ መጋረጃ ጠይቀው ሲያጡ ፀሐይዋን ለረድፉ አከፋፍለዋታል። ከምሳ በኋላ ሁሉም በየተራ ትቀመጥበታለች። ፕሮግራሙ ግን ማሽኑን የሚያውቀው ጠዋት በተመዘገበው ስም ነው። ዓይናቸው የተጭበረበረ ሴቶች ሁሉ ያጣመሙት ስፌት በኮሌታ ሰፊዋ ስም ይጻፋል፤ የእሷ ቀጥ ያለ ስፌት ደግሞ ለጓደኞቿ ይታደላል። የወሩ ኮከብ ተብላ ፎቶዋ በሩ ላይ የተሰቀለላት የወንበር ጎረቤቷ ሽልማት ውስጥ እንኳ የኮሌታ ሰፊዋ እጅ አለበት። ፕሮግራሙ ሲገመግም የከረመው ወንበር ነበር።

ኃላፊዋ ሴትየዋን ወደ ጎን ጠርታ፣ ስትታማ ከርማ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቀቻት።

«ከማሽን መነሳት ክልክል አይደል እንዴ፣ እህቴ?» አለች ኮሌታ ሰፊዋ፣ ጣቷ ላይ የተጠመጠመውን ክር እየፈታች። «ብናገር ረድፉን በሙሉ ትቀጣላችሁ ብዬ ነው።»

ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ፣ መጋረጃው ተሰቀለ። ክቡርነታቸው መጋረጃ ተሰቀለ ሲባሉ ወርደው በጣታቸው ሳይዳስሱት አላመኑም። ፕሮግራሙም አልተባረረም፤ የትኛው ማሽን ሊበላሽ እንደተቃረበ ከእሱ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለ ሰው የሚያቀርበው ሐሳብ ግን አንድ ሰው ወርዶ ሳያይ፣ ባለጉዳዩን ሳይጠይቅና ስሙን ሳይጽፍበት እንዳይጸድቅ ኃላፊዋ ደንብ አወጣች። ሥራ አስኪያጁም መጀመሪያ ቢያጉረመርሙም ፈረሙ።

ከወራት በኋላ ፕሮግራሙ የስብሰባዎችን ሰዓት መርምሮ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ከዲሲፕሊን ኮሚቴው አንድ አባል ቢነሳ ስብሰባው በግማሽ ያጥራል፤ አባሉም ማሽን ጠጋኙ ናቸው። ኃላፊዋ ደጋግማ አነበበችው። ድሮ ቢሆን በሁለት እጇ ነበር የምትፈርመው። ደግሞም በዚህኛው ጉዳይ ፕሮግራሙ ፈጽሞ አልተሳሳተም።

ደንብ ደንብ ነውና ወረደች። ክቡርነታቸው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ሲሟገቱ ደረሰች። ሰውየው አልቋል ያለውን የማሽን ቀበቶ ራሳቸው ከመደርደሪያው ጀርባ አውጥተው ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ስብሰባ ያንዛዛሉ ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ፕሮግራሙ። እኔም ብያለሁ።»

ክቡርነታቸው ቀበቶውን እያገላበጡ አሰቡ። አዎ፣ ሳላንዛዛ አልቀርም አሉ ቀስ ብለው፤ ታዲያ ከኮሚቴው ልውጣ እንዴ ብለው ጠየቁ።

«አይወጡም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ» አለች።

ክቡርነታቸው እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አነሱ፣ አዩት፣ መልሰው ሰኩት። የሚጠየቅ ነገር አጡ።

ኃላፊዋ ቢሮዋ ወጥታ «አልተቀበልኩም» ከሚለው ሥር ስሟን እስከ አያቷ ጻፈችበት። ከዚያ የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀጠሮ ከረፋዱ አንስታ ወደ ማለዳ አመጣችው፤ መንዛዛቱ እንደሆነ አይቀርም፣ ምሳው ግን እንዳይቀዘቅዝ።